ኩቡንቱ-ዴስክቶፕ ሲጫን ላፕቶፑ ጠፋ፤ የኡቡንቱ 22.04 ገጽታና ሴቲንግ ተዘበራርቋል

ዘንባባ (#1)

ጤና ይስጥልኝ። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሲስተም) ከነግኖሙ፣ ማለትም ከመደበኛው የዴስክቶፕ ገጽታው ጋር፣ ያለበት ላፕቶፕ ነው። ፕላዝማ የሚባለውን ሌላ የዴስክቶፕ ገጽታ ጎን ለጎን ለመጫን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኩቡንቱ-ዴስክቶፕ» ተሰጠው (ሱዶ ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለት ነው)። ፕሮግራም የሚጭነው አፕት አዲሶቹን ብቻ ሳይሆን ሳይታደሱ የቆዩ ብዙ ነባር ፓኬጆችንም አብሮ ሊያድስ ነበር። የመግቢያ ገጹ ጂዲኤም3 ይሁን ኤስዲዲኤም ብሎ ሲጠይቅ ኤስዲዲኤም ተመረጠ። አውርዶ ጨርሶ፣ ፓኬጆቹን ፈትቶ ማዋቀር ላይ እንደደረሰ መብራት ሄደ። ባትሪው ስለማይዝ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።

አሁን ያለው ሁኔታ ይህ ነው። ፕላዝማ ተመርጦ አንድ ጊዜ ተገባ፤ ጥቁር ስክሪንና የማውስ ቀስት ብቻ፣ ፓነል የለም። ከዚያ ወጥቶ ወደ ኡቡንቱ ሲገባ አይከኑ፣ ቀስቱ፣ የጽሑፉ ዓይነት፣ የመስኮቱ ቀለም ሁሉ ብሪዝ የሚባለው የፕላዝማ ቲም ሆኗል። ሴቲንግስ ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል። ሱፐር (የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ) እና ኤል ሲጫኑ ስክሪኑ አይቆለፍም። ማንኛውንም ነገር በአፕት ልጫን ስል «ዲፒኬጂ ተቋርጧል፣ ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ የሚለውን ራስህ አስኪድ» ይላል (ዲፒኬጂ ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆቹን የሚጭነው ነው)።

~/.ኮንፊግን (የግል ሴቲንግ የሚቀመጥበትን ማኅደር) ሙሉውን አጥፍተሽ እንደገና ግቢ የሚል ምክር አግኝቻለሁ። ይሻላል? ኢንተርኔቱ የሞባይል ፓኬጅ ነው፤ ያን ሁሉ እንደገና ማውረድ አይቻልም።

ሳንካ_ለቃሚ (#2)

ወንድም፣ ~/.ኮንፊግን እንዳትነካው። እዚያ ውስጥ ያለው የዴስክቶፑ ሴቲንግ ብቻ አይደለም፤ የክሮም ፕሮፋይል ከነቡክማርኩ፣ የሊብሬኦፊስ የግል መዝገበ ቃላት፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ደግሞም ብልሽቱ የሚጀምረው ከዚያ ስላልሆነ ብታጠፋውም አይፈታልህም።

ነገሩ ሦስት ደርብ አለው፣ የሚጠገነውም ከታች ወደ ላይ ነው። ታች ያለው የፓኬጆቹ ሁኔታ ነው፤ ግማሹ ተፈትቶ ሳይዋቀር ቀርቷል። መሀል ያለው ሲስተሙ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚሰጠው መነሻ ሴቲንግ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ምን ቁልፍ እንዳለውና መነሻው ምን እንደሆነ የሚናገሩ ስኪማ የሚባሉ ፋይሎች /ዩኤስአር/ሼር/ግሊብ-2.0/ስኪማስ ውስጥ ይቀመጡና ተጠናቅረው አንድ ፋይል ይሆናሉ። ላይኛው ደርብ የግልህ ምርጫ ነው። ግኖም እሱን ~/.ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ዩዘር በሚባል አንድ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ በጽሑፍ አርታኢ የሚከፈት አይደለም። ታችኛው ሳይጠገን ላይኛውን የሚነካ ሰው የቀረውን ደህና ነገር ጨምሮ ያጣል።

ሴቲንግስ የሚዘጋው በመሀለኛው ደርብ ይመስለኛል። ተርሚናል ላይ «ግኖም-ኮንትሮል-ሴንተር» ብለህ አስነሳውና ሲዘጋ የሚጥለውን መስመር አምጣ።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይተየባሉ፤ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ እናገራለሁ። መጀመሪያ ከገጽታው ውጣ፣ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረህ ተጫን፤ በሚመጣው ጥቁር መግቢያ ላይ በስምህና በፓስወርድህ ግባ። ከዚያ ምንም ሳትጠግን እይ ብቻ፦

ዲኤፍ -ኤች
ዲኤፍ -አይ
ሱዶ ዲፒኬጂ --ኦዲት
ሌስ /ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ

የመጀመሪያው ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይነግርሃል፤ የሞላ ዲስክ ፓስወርድ ተቀብሎ መልሶ የሚያስወጣ ስክሪን ያመጣል፣ ሰው ግን ሴቲንግ ተበላሽቷል ብሎ ይደክማል። ሁለተኛው ቦታ እያለ የፋይል ቁጥር ያለቀበትን ዲስክ ያሳያል። ኦዲቱ ያልተዋቀሩትን ፓኬጆች ይዘረዝራል። የመጨረሻው በዚያን ጊዜ የተሰጠውን ትእዛዝና ሊጫኑ፣ ሊታደሱ፣ ሊወገዱ የነበሩትን በስም ይዟል፤ ኋላ ፕላዝማን ስታስወጣ ያስፈልግሃል።

ፈጣን_መልስ (#3)

ይህን ያህል አያደክምም። «ሱዶ አፕት ክሊን»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ»፣ ሪስታርት። አለቀ።

ዋርካ (#4)

አፕት ክሊን እንዳይሰጥ! የወረዱት ፓኬጆች በሙሉ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ክሊን የሚያጠፋው እነሱን ነው። በሞባይል ፓኬጅ የወረደ ነገር በአንድ ቃል ይሄዳል። ክሊን የሚፈቀደው ዲኤፍ ዲስኩ መቶ በመቶ ሞልቷል ካለ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሲስተሙን የሎግ ክምችት መቀነስ ይቀድማል፦

ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫክዩም-ሳይዝ=200ኤም

(ኤሟ ትልቅ ፊደል ናት።)

ሁለተኛ፣ ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ ራሱ ባዶ ፓኬጅ ነው፤ የሌሎቹን ስም የሚጠራ ዝርዝር ነው። እሱን ሪኢንስቶል ማድረግ ዝርዝሩን መልሶ ይጭናል እንጂ በውስጡ የተጠሩትን አንዱንም አይነካም። ይህ ምክር በየቦታው ስለሚደጋገም ነው አጥብቄ የምናገረው።

ኦዲቱን ካየህ በኋላ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

ሁለተኛው ከመቀጠሉ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይጽፋል። ሁሉም ወርዶ ከነበረ የሚወርደው 0 ነው የሚለው። ብዙ ቁጥር ካየህ «ኤን» ብለህ አቁምና እዚህ አምጣው። «መቆለፊያውን ማግኘት አልቻልኩም» የሚል ከመጣ የሎክ ፋይሉን አታጥፋ፤ አውቶማቲክ አዳሹ ከበስተጀርባ እየሠራ ይሆናል። «ፒኤስ ኤዩኤክስ | ግሬፕ አፕት» ብለህ እይ፣ እስኪጨርስ ጠብቅ።

ዘንባባ (#5)

እህት ነኝ። አመሰግናለሁ፤ ያየሁት ይህ ነው። ዲስኩ 61 በመቶ ነው፣ የፋይል ቁጥሩም ገና ነው። ኦዲቱ ረጅም ዝርዝር አወጣ። ሴቲንግስን ከተርሚናል ሳስነሳው አንድ ስኪማ ጠርቶ «እንዲህ የሚባል ቁልፍ የለውም» ብሎ ይሞታል።

«ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብዙውን አዋቀረ። ከዚያ አንድ ፓኬጅ ላይ ሲደርስ «የፋይል ዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር መዝጊያ የለውም» ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አፕትም ዲፒኬጂም ያንኑ እያሉ ይቆማሉ። ፓኬጁ የብሪዝ አይከኖች ነው።

ዋርካ (#6)

ይቅርታ እህቴ። ይህ የመብራት መቋረጥ ቀጥተኛ ውጤት ነው። ዲፒኬጂ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ የትኛውን ፋይል የት እንዳስቀመጠ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ ውስጥ በፓኬጁ ስምና በ«.ሊስት» ይመዘግባል። ሲጻፍ ኃይል ከተቋረጠ መዝገቡ ባዶ ወይም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ባዶዎቹን እንዲህ ፈልጊ፦

ፋይንድ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ -ኔም '*.ሊስት' -ሳይዝ 0

ግማሽ የሆነውን ስህተቱ ራሱ በስም ይጠራዋል። የወጣውንና ስህተቱ የጠራውን ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ አታጥፊው፤ አንሺው፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ሩት/የተነሱ
ሱዶ ኤምቪ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ/ብሪዝ-አይከን-ቲም.ሊስት /ሩት/የተነሱ/
ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ብሪዝ-አይከን-ቲም

(የማኅደሩን ስም እንደፈለግሽ አውጪለት።) ዲፒኬጂ መዝገቡን ሲያጣ «ይህ ፓኬጅ አንድም የተጫነ ፋይል እንደሌለው እቆጥራለሁ» ብሎ ያስጠነቅቅና ይቀጥላል፤ ሪኢንስቶሉ መዝገቡን አሟልቶ ይጽፈዋል። ማስጠንቀቂያው አያስደንግጥሽ። ሪኢንስቶሉ ፋይሉ ሳያልቅ ተቋርጧል ካለ የወረደው ፓኬጅ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከአርካይቭስ ውስጥ ያንን አንድ ፋይል ብቻ አጥፊና ድገሚው።

ሌላ ሰው ከዚህ የከፋ ካጋጠመው፣ ማለትም /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ የሚባለው ዋናው መዝገብ ከተበላሸ፣ አጠገቡ ስታተስ-ኦልድ አለ፤ /ቫር/ባክአፕስ ውስጥም የቀደሙት ቅጂዎች አሉ። የቅርቡን ደህና ቅጂ ቦታው መመለስ ነው።

ሲያልቅ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኦዲት» አንድም መስመር ማውጣት የለበትም። ከዚያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ቬሪፋይ» ስጪ፤ የተጫኑትን ፋይሎች ከፓኬጁ አሻራ ጋር ያመሳክራል። አጠገቡ «ሲ» ያለበት መስመር የኮንፊገሬሽን ፋይል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተለወጠ ስለሆነ ይታለፍ። «ሲ» የሌለበት ካለ የዚያን ፓኬጅ ስም በ«ዲፒኬጂ -ኤስ» (ትልቅ ኤስ) ከነፋይሉ መንገድ ጠይቂና እሱን ሪኢንስቶል አድርጊ።

ሳንካ_ለቃሚ (#7)

ቁልፍ የለውም ያለውም ከዚሁ ነው። አዲሱ ሴቲንግስ ፕሮግራም ተፈትቶ ቦታው ገብቷል፣ የተጠናቀረው የስኪማ ፋይል ግን አሮጌው ነው። ማጠናቀሩ የሚደረገው በመጨረሻ ስለሆነ ኃይል ሲቋረጥ ሁልጊዜ እሱ ይቀራል። ግሊብ ደግሞ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ በማስጠንቀቂያ አያልፍም፣ ፕሮግራሙን እዚያው ይገድለዋል። ኮንፊገር -ኤ በሙሉ ካለፈ ራሱ ያጠናቅረዋል፤ ካላለፈ በእጅ፦

ሱዶ ግሊብ-ኮምፓይል-ስኪማስ /ዩኤስአር/ሼር/ግሊብ-2.0/ስኪማስ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ መፈተሻ አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሪ፦

ሱዶ አድዩዘር ፈተና

በእሱ ግቢ። እዚያ ገጽታው ንጹሕ ኡቡንቱ ከሆነና ሴቲንግስ ከተከፈተ ሁለቱ ታችኛ ደርቦች ድነዋል፤ የቀረው በአንቺ ቤት ማኅደር ውስጥ ነው። እዚያም ከተበላሸ ወደ ላይኛው ደርብ መሄድ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ዘንባባ (#8)

የተበላሸ ዝርዝር የብሪዙን ጨምሮ ሦስት ተገኘ፤ ሦስቱም በዚሁ መንገድ ተስተካከሉ። የወረደው 0 ነበር። ኦዲቱ ዝም ብሏል። ሴቲንግስ ተከፍቷል። በ«ፈተና» ስገባ ገጽታው ንጹሕ ነው። በራሴ ስገባ ግን አሁንም ሁሉም ብሪዝ ነው፣ ስክሪኑም አይቆለፍም።

ፈጣን_መልስ (#9)

እንግዲያው ~/.ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ዩዘርን ስሙን ለውጪና ወጥተሽ ግቢ። ግኖም አዲስ ይፈጥራል።

ሳንካ_ለቃሚ (#10)

ይህ ይሠራል፤ ግን የዓመታት ምርጫን በሙሉ አንድ ላይ ያነሳል። እዚህ ጋ የተበላሹት ቁልፎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ይታወቃል። ፕላዝማ ውስጥ ለጂቲኬ ፕሮግራሞች (የግኖም ፕሮግራሞች የተሠሩበት መሣሪያ ነው) ገጽታ የሚያስተካክል ክፍል አለ። ፕላዝማ እንደተነሳ፣ ፓነሉ ባይመጣም እንኳ፣ የራሱን ቲም በሁለት ቦታ ይጽፋል፤ አንዱ ዲኮንፍ ውስጥ ነው፣ ሌላው የጂቲኬ ማኅደሮች ውስጥ። ከፕላዝማ ሲወጣ አይመልሰውም። ስለዚህ የአንድ ጊዜ መግባት ይበቃል።

ለመጀመሪያው፣ ኡቡንቱ ውስጥ ገብተሽ ተርሚናል ላይ፣ ያለ ሱዶ፦

ጂሴቲንግስ ሪሴት ኦርግ.ግኖም.ዴስክቶፕ.ኢንተርፌስ ጂቲኬ-ቲም
ጂሴቲንግስ ሪሴት ኦርግ.ግኖም.ዴስክቶፕ.ኢንተርፌስ አይከን-ቲም
ጂሴቲንግስ ሪሴት ኦርግ.ግኖም.ዴስክቶፕ.ኢንተርፌስ ከርሰር-ቲም
ጂሴቲንግስ ሪሴት ኦርግ.ግኖም.ዴስክቶፕ.ኢንተርፌስ ፎንት-ኔም
ጂሴቲንግስ ሪሴት ኦርግ.ግኖም.ዴስክቶፕ.ደብልዩኤም.ፕሪፈረንስስ በተን-ሌይአውት

«ሴት» ሳይሆን «ሪሴት» ያልኩበት ምክንያት አለው። «ሴት» አዲስ ምርጫ ይጽፋል፣ ያም በአንቺ ስም ይቀመጣል። «ሪሴት» የተጻፈውን አንስቶ የኡቡንቱ መነሻ፣ ያሩ የሚባለው ቲም፣ ራሱ እንዲታይ ይተወዋል። ኡቡንቱ ወደፊት መነሻውን ቢለውጥ አብሮ ይለወጥልሻል።

ለሁለተኛው፦

ሲዲ ~/.ኮንፊግ
ኤምቪ ጂቲኬ-3.0/ጂቲኬ.ሲኤስኤስ ጂቲኬ-3.0/ጂቲኬ.ሲኤስኤስ.ባክ
ኤምቪ ጂቲኬ-3.0/ሴቲንግስ.አይኤንአይ ጂቲኬ-3.0/ሴቲንግስ.አይኤንአይ.ባክ

ጂቲኬ-4.0 ውስጥም ያንኑ ድገሚ፤ ቤት ማኅደሩ ውስጥ .ጂቲኬአርሲ-2.0 ካለም እንዲሁ። ግትሩ ጂቲኬ.ሲኤስኤስ ነው፤ የፕላዝማን ቀለም ከአጠገቡ ካለ ፋይል ይጠራል። ጂሴቲንግስ ምንም ቢል እሱ ሁልጊዜ ስለሚነበብ ቲሙ ያሩ ሆኖ ቀለሙ የብሪዝ የሆነ መስኮት ያመጣል። የጂቲኬ-3.0ን ማኅደር ግን በጅምላ አታንሺ። ቡክማርክስ የሚባለው ፋይል እዚያ ነው ያለው፣ «ፋይሎች» በሚባለው ፕሮግራም ላይ በግራ በኩል የሰካሻቸው ማኅደሮች በሙሉ በእሱ ነው የሚታዩት።

ዘንባባ (#11)

ይህን ሳላይ #9 ላይ ያለውን አድርጌዋለሁ። ፋይሉን ዩዘር.ባክ ብዬዋለሁ። ከዚያ የጂቲኬዎቹን ፋይሎች እንዳልከው አነሳሁ። ገጽታው አሁን ሙሉ በሙሉ ኡቡንቱ ነው። ግን የአማርኛ ኪቦርዱ ጠፋ፣ ያዘጋጀኋቸው አቋራጮችም፣ ዶኩ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞችም። ዩዘር.ባክን ልመልሰው ወይስ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ልሥራ?

ሳንካ_ለቃሚ (#12)

ሁለቱም አያስፈልግም። ስሙን ለውጠሽ እንጂ አጥፍተሽ ስላልሆነ ሁሉም እዚያው አለ። መልሰሽ ብታስገቢው ብሪዝ አብሮ ይመለሳል። የሚፈለገውን ብቻ ከአሮጌው እናወጣለን።

ዲኮንፍ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ በፕሮፋይል ይነገረዋል። አሮጌውን በሌላ ስም ቅጂ አድርጊ፣ ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ያለው ፕሮፋይል ጻፊለት፦

ሲፒ ~/.ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ዩዘር.ባክ ~/.ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ኦልድ
ኤኮ 'ዩዘር-ዲቢ:ኦልድ' > ~/ፕሮፋይል

አሁን ለዚህ ትእዛዝ ብቻ ያንን ፕሮፋይል እንዲጠቀም አድርጊ። መጀመሪያ ያለው ስም ከነስሩ ሰረዙ በትልልቅ ፊደል ነው፣ ሆምም እንዲሁ፦

ዲኮንፍ_ፕሮፋይል=$ሆም/ፕሮፋይል ዲኮንፍ ደምፕ / > ~/አሮጌ.አይኤንአይ

«ሌስ ~/አሮጌ.አይኤንአይ» ብለሽ ስትከፍቺው በካሬ ቅንፍ ውስጥ የክፍሉ ስም፣ ከሥሩ ቁልፎቹ ይታያሉ። አሮጌው ኪቦርድሽ «ኢንፑት-ሶርስስ» በሚለው ክፍል ሥር «ሶርስስ=» ብሎ የሚጀምረው መስመር ነው። አቋራጮቹ «ሚዲያ-ኪስ» በሚለው ሥር ናቸው። የዶኩ ፕሮግራሞች «ኦርግ/ግኖም/ሼል» ሥር «ፌቨሪት-አፕስ» ናቸው።

ከዚያ ክፍል በክፍል ነው የሚሻገረው። ለኪቦርዱ፦

ዲኮንፍ_ፕሮፋይል=$ሆም/ፕሮፋይል ዲኮንፍ ደምፕ /ኦርግ/ግኖም/ዴስክቶፕ/ኢንፑት-ሶርስስ/ > ~/ኪቦርድ.አይኤንአይ
ዲኮንፍ ሎድ /ኦርግ/ግኖም/ዴስክቶፕ/ኢንፑት-ሶርስስ/ < ~/ኪቦርድ.አይኤንአይ

ሁለተኛው መስመር ላይ ፕሮፋይሉ የለም፤ የሚጻፈው አሁን ባለው ፋይል ላይ ነው። መጀመሪያም መጨረሻም ያለችው ያዘመመች ሰረዝ (/) አትቅር፣ ያለሷ ዲኮንፍ ማኅደር መሆኑን አይቀበልም። ለአቋራጮቹ መንገዱን /ኦርግ/ግኖም/ሴቲንግስ-ዴመን/ፕለጊንስ/ሚዲያ-ኪስ/ አድርገሽ ያንኑ ድገሚ።

ለዶኩ «ኦርግ/ግኖም/ሼል»ን በሙሉ አትጫኚ፤ ከጽሑፉ ላይ የፌቨሪት-አፕስን መስመር ብቻ ገልብጠሽ «ጂሴቲንግስ ሴት ኦርግ.ግኖም.ሼል ፌቨሪት-አፕስ» ከሚለው ኋላ በጥቅስ ውስጥ አስገቢው። የተሰናከለ ኤክስቴንሽን ቢኖር በዚያው እንዳይመለስ ነው።

አሮጌው ፋይል ራሱ ተበላሽቶ ደምፑ ባዶ የሚወጣበት ሰው ካለ፣ ዲኮንፍ ግማሹን አንብቦ አይሰጥም። ያኔ «ስትሪንግስ ~/.ኮንፊግ/ዲኮንፍ/ኦልድ» በውስጡ ያለውን የሚነበብ ጽሑፍ ያወጣል፤ የቁልፍ ስሞቹን አይቶ በእጅ መመለስ ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ቁልፍ_ሰሌዳ (#13)

ስለ አማርኛ ኪቦርዱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ኡቡንቱ ላይ አማርኛ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የኤክስኬቢ ሰሌዳ ነው፤ በሶርስስ መስመሩ ላይ «ኤክስኬቢ» እና «ኢቲ» ተብሎ ይታያል። ሁለተኛው አይባስ ነው፤ «አይባስ» እና «ኤም17ኤን:ኤኤም:ሴራ» ይላል፤ በላቲን ድምፁን እየጻፍሽ ፊደሉን የሚያወጣው ይኸኛው ነው።

አይባሱ ከሆነ መስመሩን መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ መኖር አለበት፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን
ኢም-ኮንፊግ -ኤን አይባስ

ከዚያ ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። ምልክቱ ላይ አማርኛ ታይቶ ፊደሉ አሁንም ላቲን ከሆነ «አይባስ ሪስታርት» ስጪው።

ዋርካ (#14)

#12 ላይ አንዱንም ትእዛዝ በሱዶ እንዳትሰጪ። ዲኮንፍን በሱዶ ያስኬደ ሰው ወይ የሩትን (የሲስተሙን ዋና አስተዳዳሪ) ሴቲንግ ይለውጣል፣ ወይ የራሱን ፋይል ባለቤት ሩት ያደርገዋል። ከዚያ ወዲህ የሚለውጠው ሁሉ ለጊዜው ይታይና ሲገባ ይጠፋል፤ ተርሚናሉም «/ረን/ዩዘር/1000/ዲኮንፍ/ዩዘርን መፍጠር አልቻልኩም፣ ፈቃድ የለም» ይላል። በቤት ማኅደርሽ ውስጥ የሩት የሆነ ነገር መኖሩን ይኸው ያሳያል፦

ፋይንድ ~ -ማክስዴፕዝ 4 -ዩዘር ሩት

ምንም ካላወጣ ንጹሕ ነው። ካወጣ «ሱዶ ቻውን -አር» (ትልቅ አር) ብለሽ፣ ስምሽን፣ ከዚያ የወጣውን መንገድ ጻፊ። .ኤክስኦቶሪቲ የሩት ከሆነ እንደ ኤስዲዲኤም ባለ መግቢያ በኤክስኦርግ (በድሮው የስክሪን ሥርዓት) መግባቱ ራሱ ሊከለከል ይችላል፤ ፓስወርዱን ተቀብሎ ወደ መግቢያው የሚመልስ ስክሪን ሌላው ምክንያቱ ይህ ነው።

ሳንካ_ለቃሚ (#15)

አሁን ስክሪኑ የማይቆለፍበት ነገር። የግኖም መቆለፊያ የጂዲኤም ሥራ ነው፤ በኤስዲዲኤም የተገባ ግኖም የሚቆልፍለት የለውም። ስለዚህ ፕላዝማ ቢቀርም ባይቀርም ግኖምን የምትጠቀሚ ከሆነ መግቢያውን መልሺ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ጂዲኤም3

ከሚመጣው ዝርዝር ጂዲኤም3ን ምረጪ። /ኢቲሲ/ኤክስ11/ዲፎልት-ዲስፕሌይ-ማናጀር (ኤክሷ ትልቅ) የሚለው ፋይል /ዩኤስአር/ኤስቢን/ጂዲኤም3 ማለት አለበት። ይህን ሳታይ ኤስዲዲኤምን አታስወጪ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በሚቀጥለው ቡት የመግቢያ ገጽ የሌለው ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቅሽ። ሪስታርት አድርጊ፣ በጂዲኤም ግቢ፣ ሱፐርና ኤልን ሞክሪ።

ፕላዝማን ማስወጣት ከፈለግሽ፣ ኩቡንቱ-ዴስክቶፕም ባዶ ዝርዝር ስለሆነ እሱን ብቻ ማንሳት ቦታ አያስለቅቅም። የጎተታቸው «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» ተብለው ይቀራሉ፤ እነሱን የሚጠርገው አውቶሪሙቭ ነው። አደጋውም እሱ ላይ ነው። አስቀድመሽ ግኖሙን አስጠብቂ፦

ሱዶ አፕት-ማርክ ማኑዋል ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ-ሚኒማል ጂዲኤም3
ሱዶ አፕት ፐርጅ ኩቡንቱ-ዴስክቶፕ ኤስዲዲኤም
አፕት -ኤስ አውቶሪሙቭ

የመጨረሻው ልምምድ ነው፣ ምንም አያነሳም። ዝርዝሩን ከሂስትሪ.ሎግ «ኢንስቶል» መስመር ጋር አስተያዪ፤ በዚያን ቀን የገቡት ብቻ መሆን አለባቸው። ግኖም-ሼል፣ ጂዲኤም3፣ ኔትወርክ-ማናጀር ወይም የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ካየሽ አትቀጥዪ፣ የዚያን ስም በአፕት-ማርክ ማኑዋል ጨምሪና ድገሚ። ደህና ሲሆን «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ»።

ሲበራ የኩቡንቱ አርማ መታየቱን ከቀጠለ «ሱዶ አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ --ኮንፊግ ዲፎልት.ፕሊማውዝ» ብለሽ የኡቡንቱን ምረጪ፣ ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ»። ፐርጅ ቤት ማኅደርሽን አይነካም፤ ከዊን፣ ፕላዝማ፣ ኬዲኢ ብለው የሚጀምሩ ፋይሎች ~/.ኮንፊግ ውስጥ ይቀራሉ፣ ቦታም አይዙም፣ ጉዳትም የላቸውም።

መስኮት_በር (#16)

ይህ ለሚንት ሲናመንና ለኤክስኤፍሲኢ ይሠራል?

ዋርካ (#17)

ሲናመንም በዲኮንፍ ስለሚጠቀም የ#12 ዘዴ ይሠራል፤ መንገዶቹ ግን ብዙዎቹ በ/ኦርግ/ሲናመን/ የሚጀምሩ ናቸው። ፓነሉ ብቻ ከተበላሸ «ጂሴቲንግስ ሪሴት-ሪከርሲቭሊ ኦርግ.ሲናመን» ይበቃል።

ኤክስኤፍሲኢ ይለያል። ሴቲንጉ በጽሑፍ ፋይል ነው፣ ~/.ኮንፊግ/ኤክስኤፍሲኢ4/ኤክስኤፍኮንፍ/ኤክስኤፍሲኢ-ፐርቻነል-ኤክስኤምኤል ውስጥ። የፓነሉ ኤክስኤፍሲኢ4-ፓነል.ኤክስኤምኤል ነው። ኤክስኤፍኮንፍዲ የሚባለው አገልግሎት ሁሉንም በሜሞሪ ስለሚይዝ እሱ እየሠራ ፋይሉን ብትለውጠው መልሶ የድሮውን ይጽፍበታል። ስለዚህ ከገጽታው ውጣ፣ በኮንትሮል-አልት-ኤፍ3 ግባ፣ «ፒኪል ኤክስኤፍኮንፍዲ» ስጥ፣ ከዚያ ፋይሉን አንሳ። ፓነሉ ሲነሳ ከመነሻው ይጀምራል።

ዘንባባ (#18)

ኪቦርዱ ተመልሷል፤ መስመሩ «ኤም17ኤን:ኤኤም:ሴራ» ነበር፣ ሞተሩም አልጠፋም ነበር፣ «አይባስ ሪስታርት» ብቻ ነው የፈለገው። አቋራጮቹ በሙሉ ገብተዋል። ዋርካ ባለው ፋይንድ አንድ ፋይል የሩት ሆኖ ተገኘ፣ ባለቤቱ ተመልሷል። ጂዲኤም3 ቦታው ነው፣ ስክሪኑ ይቆለፋል።

የአውቶሪሙቭ ልምምዱ ላይ ግን ከሂስትሪ.ሎግ ውጪ አንድ ነገር አለ፤ ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ። እሱንስ ላስጠብቀው?

ሳንካ_ለቃሚ (#19)

አስጠብቂው። የግዕዝ ፊደል ፎንት ነው፤ ሌላ የኢትዮጵያ ፎንት ከሌለሽ እሱ ሲወጣ አማርኛው ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። «ሱዶ አፕት-ማርክ ማኑዋል ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ»፣ ከዚያ ልምምዱን አንድ ጊዜ ድገሚና ዝርዝሩን አምጪው፣ አብረን እናየዋለን።